የክረምት ትንበያን በትክክል ለመረዳት፦ «መደበኛ ዝናብ» ሲባል ጎርፍ የለም ማለት አይደለም

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ዋነኛው የዝናብ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅቱ ከመግባቱ አስቀድሞ የክረምቱን የአየር ጠባይ ትንበያ ይፋ ያደርጋል። ትንበያው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ግን ብዙውን ጊዜ «በዚህ አካባቢ መደበኛ ዝናብ ይኖራል» ወደሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያጥራል፤ አድማጩም «እንግዲያው ዘንድሮ ጎርፍ አያሰጋንም» ብሎ ይረዳዋል። ይህ አረዳድ በወንዝ ዳር ወይም በተዳፋት ሥር ለሚኖር ቤተሰብ አደገኛ ነው።

«መደበኛ» የሚለው ቃል የስሌት ቃል ነው። የአንድ አካባቢ የ30 ዓመታት የክረምት ዝናብ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ተደርድሮ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በላይ ተብሎ በሦስት እኩል ክፍሎች ይመደባል። ትንበያው የሚገልጸው መጪው ክረምት በየምድቡ የመሆን ዕድሉን ነው። ለአብነት ያህል ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ ከተባለ፣ ሚዛኑ ወደ እርጥበት አጋድሏል ማለት እንጂ ዝናቡ አያንስም ማለት አይደለም። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀትም ሚዛኑን ያዛባዋል፤ ኤል ኒኖ ሲከሰት በሰሜንና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፣ ላ ኒና ሲከሰት ደግሞ ይጨምራል።

ዋናው ነጥብ ግን ትንበያው የሚናገረው ስለ ወቅቱ ጠቅላላ ድምር መሆኑ ነው። ለሳምንታት ሊከፋፈል የሚገባው ዝናብ በአንድ ሌሊት ቢወርድም የክረምቱ ድምር «መደበኛ» ሊሆን ይችላል። ለባለሙያ ግልጽ የሆነው ይህ ቃል ለሕዝብ ሲነገር ሌላ ትርጉም መያዙ አይካድም፤ ምናልባት የተሻለ ቃል ቢገኝለት ይበጅ ነበር።

ጎርፍ ዝናቡ በጣለበት ስፍራ ብቻ አይደርስም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊገባደድ ሲል ግን በዙሪያው ባሉ የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች የጣለው ከባድ ዝናብ በሌሊት በዚሁ ወንዝ ወርዶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ፣ ከምዕራብ ደጋማ ቦታዎች የሚወርደው ባሮ ጋምቤላን፣ አዋሽም የአፋርን ቆላማ ወረዳዎች ያጥለቀልቃሉ። ስለዚህ በታችኛው ተፋሰስ የሚኖሩ ዜጎች የራሳቸውን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የላይኛውን ተፋሰስ ዕለታዊ ትንበያም መከታተል ይኖርባቸዋል።

በተራራማ አካባቢዎች ደግሞ ስጋቱ የመሬት መንሸራተት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተረባርበው ሳሉ በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ነበሩ። ወገንን ለመታደግ መሮጥ ባህላችን ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት እንደገና ሊናድ ስለሚችል፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ተዳፋቱን ከሩቅ የሚከታተልና የሚያስጠነቅቅ ሰው መመደብ፣ ሕፃናትንና ተመልካቾችንም ማራቅ ይገባል። በመሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ዛፍ ወይም ምሰሶ ሲያዘነብል፣ የምንጭ ውሃ በድንገት ሲደፈርስ ለቀበሌው አስታውቆ ወዲያውኑ ከስፍራው መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ሌሊቱን እዚያው ማሳለፍ አይገባም።

የወቅቱ ትንበያ ለዘር መረጣ፣ ለማሳ ማጠንፈፊያ ቦይና ለመኖ ዝግጅት ያገለግላል። ሌሊቱን በቤት ለማደር ወይም ወንዝ ለመሻገር የሚወሰነው ግን በዕለታዊው ትንበያና በማስጠንቀቂያ መልእክት ነው። ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ውሃ እንኳ አዋቂን ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ጠርጎ ይወስዳል። ከመብረቁ ብልጭታ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ፣ በማሳ ላይ ያሉ ሰዎች ከዛፍ ሥር ሳይጠለሉ ወደ ቤት መግባት አለባቸው።

መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተጠቅልለው ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጡ። የጎርፍ ስጋት ያለባቸው ነዋሪዎች የመሸሻ ስፍራቸውን ከወዲሁ በቀበሌያቸው እንዲያረጋግጡ፣ በአዲስ አበባ አደጋ ሲደርስም በ939 እንዲደውሉ እናሳስባለን።