ጉትቻ ያደረገውን ጅብ ፍለጋ

ባለፈው ሰሞን አንድ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ደጋግሞ መጣብኝ። ቦታው አሜሪካ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ሌሊት። አራት ጎረምሶች ባትሪ ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ድንገት ይቆምና ሌሎቹን ዝም ያሰኛቸዋል። ከዛፎቹ መሀል ጥቁር ነገር ውልብ ይላል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ቪዲዮው ያልቃል። የሚፈልጉት ቢግፉትን ነው፦ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ መላ አካሉ ጸጉር የለበሰ፣ ከሰው የሚገዝፍ የጫካ ፍጡር። ኮሜንት ላይ ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ «አለ!» ብሎ ይከራከራል።

እኔም ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ትዝ አለኝ። እኔም እኮ እንደነሱ ባትሪ ይዤ ሌሊት ወጥቻለሁ! የፈለግሁት ግን ጆሮው ላይ ጉትቻ ያደረገ ጅብ ነበር።

ጎጃም ገጠር ያደገ፣ ወይም ክረምቱን አያቶቹ ጋ ያሳለፈ ሰው ይሄን ወሬ ሳይሰማ አያድግም። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለው ሰው ማታ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል፤ ሲነጋ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። የሚያጋልጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጆሮው ማውለቅ የረሳው ጉትቻ። አያቴ ይሄን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ያኔ ለእኔ ዝቅ ያለ ድምፅ ራሱ ማስረጃ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሆኜ፣ ጥር ላይ ለእረፍት ፍኖተ ሰላም ስመለስ ወሬው ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተነሳ። መንገዱም ሌሊቱም ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው። አንደኛው «አጎቴ በዓይኑ አይቷል» አለ። እኔ ደግሞ የኢኮኖሚክስ ተማሪ አይደለሁ? «ዳታ አምጣ!» አልሁት። ተወራረድን። ሦስት ሌሊት እንወጣለን፣ በስልካችን እንቀርጻለን፣ የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል።

የመጀመሪያው ሌሊት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብለን ወደ ላህ ወንዝ በኩል ነበርን። ያገኘነው ድምፅ ብቻ ነው። የጅብ ጩኸት ኪሎሜትሮችን አልፎ ስለሚሰማ ሩቅ ያለው አጠገብህ ያለ ይመስልሃል። ሦስታችንም አንድ ላይ ተጣብቀን ሳለ ስለ ሳይንስ ብዙም አላወራንም።

በማግስቱ ወደ ማንኩሳ ሄድን። አዎ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩባት ማንኩሳ። ሌሊቱን ምንም አላየንም፤ ጠዋት ላይ ግን ያሳደሩን ገበሬ ወደ ገደሉ ይዘውን ወርደው ዱካ አሳዩን። አራት ጣት አለው፣ ጥፍሩ አፈሩ ላይ ይወጣል፣ የፊተኛው እግር ከኋለኛው ይሰፋል። አጥንት ስለሚበላ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ሰውየው ስለ ጅብ ብዙ ያውቃሉ፤ ደግሞም በፍጹም በስሙ ብቻ አይጠሩትም፤ «አያ ጅቦ» ነው የሚሉት። ለአውሬው «አያ» እያልን የምናከብር ሰዎች መሆናችንን ያኔ አላስተዋልሁትም።

ሦስተኛው ሌሊት ቡሬ፣ በፈጣም ወንዝ ሸለቆ በኩል ነበር። አንዲት የሞተች በግ የተጣለችበት ቦታ አለ ተባልን። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ መጡ። መጀመሪያ ዓይናቸው ነው የሚታየው፤ ባትሪ ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቀረጽሁ። ትልቁ ጅብ ጭንቅላቱን ሲያዞር ጆሮው ሥር አንድ ነገር ብልጭ አለ። «አየኸው? አየኸው?» ጓደኛዬ ክንዴን ሊነቅለው ደረሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም አምኜ ነበር።

ቤት ገብተን ቪዲዮውን ቀስ አድርገን፣ አጉልተን አየነው። ብልጭታው ከኋላው የቆመ የሌላ ጅብ ዓይን ነው። የትልቁ ጅብ ጆሮ ላይ ያለው ጌጥ ሳይሆን ቅዳጅ ነበር። በኋላ ሳነብ እንዳወቅሁት፣ ተመራማሪዎች አንዱን ጅብ ከሌላው የሚለዩት በነጠብጣቡ አቀማመጥና እንዲህ ባለ የጆሮ ቅዳጅ ነው። ጉትቻ ስንፈልግበት ያደርነው ጆሮ ለካ የጅቡ መታወቂያ ነው።

ስለ ጉትቻው የተጻፈ ነገርም አለ። ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ኖሯል። ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 የታተመው መጽሐፉ ስለ ቡዳ፣ ስለ ቀጥቃጮችና ስለ ባለጉትቻ ጅቦች ያወራል። ኮፊን የሚባል ባልንጀራው አገልጋይ ፈቃድ ጠይቆ ሲወጣ፣ ሌሎቹ «ጅብ ሆነ!» ብለው ጮሁ፤ ኮፊን ዞር ሲል ሰውየው የለም፣ ሜዳው ላይ ጅብ ይሮጣል። ልብ በሉ፣ ሲለወጥ ያየው የለም፤ ዞር ሲል ያገኘው ጅብ ብቻ ነው። ጉትቻ ያለው ጅብ በእርግጥ ቢገኝስ? አንድ ሰው ግልገል ይዞ ጆሮውን በስቶት ይሆናል። ያ ጉትቻ ያሰረለት ሰው መኖሩን ያሳያል፤ ሰው ጅብ መሆኑን ግን አያሳይም።

ቢግፉትም የሄደበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1958 ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንገድ ሠራተኞች ትልልቅ ዱካ አገኘን ካሉ በኋላ ነው። ሬይ ዋላስ የተባለው የመንገድ ሥራ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሞት ቤተሰቡ ከእንጨት የተቀረጹ ግዙፍ እግሮች አውጥቶ አሳየ፤ ዱካውን ሲሠራ የነበረው እሱ ነው አሉ። የሂማላያው የቲ ቅሪት ነው ተብሎ በየሙዚየሙና በየገዳሙ ከተቀመጠው ውስጥ ዘጠኝ ናሙና ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የዘረመል ውጤቱ ሲታተም ስምንቱ ድብ፣ አንዱ ውሻ ሆነ።

ይህን ስል የገጠር ሰው ወሬ ሁሉ ተረት ነው ማለቴ አይደለም። በሱዳን ድንበር ባለው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ አለ እያለ የአካባቢው ሰው ሲናገር ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ካሜራ አጥምደው ዱካውንም ምስሉንም አገኙ። ወሬው እውነት ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሄደው አዩ፣ የሚታይ ነገር ይዘው ተመለሱ።

የእኛን ጅብ ከቢግፉት የሚለየው ግን ሌላ ነገር ነው። ቢግፉት ጎረቤት የለውም። ባይኖር ማንም አይጎዳም፣ ቢኖርም ጫካ ውስጥ ነው። የእኛው ግን ስም አለው፣ ቤት አለው፣ ልጆች አሉት። ልጅ በድንገት ሲታመም «ሰው በላው» ይባላል፤ ቀጥሎ «ማን?» ይመጣል። ወባ ሊሆን ይችላል፣ የሳምባ ምች ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ መድረስ የነበረበት ሰዓት ስም ሲፈለግ ያልፋል። የሚገኘው ስምም ሁልጊዜ ያው ነው፤ የቀጥቃጩ ወይም የሸክላ ሠሪዋ።

ለምን እነሱ? እ.ኤ.አ. በ1974 ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል አንትሮፖሎጂስት በአማራ ማኅበረሰብ ስላለው የቡዳ እምነት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቡዳ የሚባሉት ርስት የሌላቸው ባለሙያዎች መሆናቸውን ጽፏል። በእኔ ቋንቋ ስተረጉመው፣ መሬት ያለው ያርሳል፣ መሬት የተከለከለው ደግሞ ለአራሹ ማረሻ ይሠራል። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ አንድ ትልም መክፈት አይችልም። ይህን ያህል የሚያስፈልግህን ሰው እኩልህ ላለማድረግ ጥሩ ምክንያት ያስፈልግሃል፤ «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ከሚል የተሻለ ምክንያት ደግሞ የለም። ልጅህን አታጋባውም፣ ርስት አታካፍለውም፣ ማረሻውን ግን ትወስዳለህ።

መንግሥትም ነገሩን ካየው ቆይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያሉ፣ ሸማኔውንም ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ የሚሳደብ እንደሚቀጣም አስታወቁ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ዛሬ ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በየስብሰባው «ኢንዱስትሪ፣ ቴክኖሎጂ፣ የሥራ ፈጠራ» እንላለን። ባሊስትራ አግሎ ማረሻ የሚያወጣውን ሰው ግን አሁንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምናወራው።

ጅቡ ለምን ሰፈር እንደሚመጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ መልሱ አለ። ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ ያለውን ጸጉር መረመሩ። በሁዳዴ ጾም ወቅት የአህያ ጸጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ። ሰው ሥጋ ሲያቆም የሚጣል አጥንትና ትርፍራፊ ይጠፋል፤ ጾም የማያውቀው ጅብ ወደ አህያ ይዞራል። ማንም ጅብ አልሆነም፤ ጅቡ ራሱ ራበው እንጂ።

አሁን ወደ ቡሬ ልመልሳችሁ፤ ያልነገርኋችሁ ነገር አለ።

ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ፣ ወደ መኪና መናኸሪያ ስንሄድ ጓደኛዬ «እስኪ አንዱን ቀጥቃጭ ራሱን እንጠይቀው» አለ። አንድ ሽማግሌ ወናፍ አጠገብ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። ሰላም ካልናቸው በኋላ እያፈርን ጠየቅናቸው። አልተቆጡም። የለመዱት ጥያቄ ነው መሰለኝ። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «እኔ ጅብ ብሆን ኖሮ ባለፈው ክረምት አህያዬን ማን በላት?» ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ልጃቸው ትምህርት ቤት ምሳዋን ለብቻዋ እንደምትበላ ነገሩን። ይህን ሲሉ ቀና ብለው አላዩንም፤ ማጭዱን ነው የሚያዩት።

ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ነበርና በስኒ አቀረቡልን።

«ዳታ አምጣ» ያልሁት እኔ፣ ሦስት ሌሊት ዞሬ ምንም ያላገኘሁት እኔ፣ ቪዲዮውን አጉልቼ የጅብ ዓይን መሆኑን ያሳየሁት እኔ፣ «ይቅርታ እማማ፣ መኪና ያመልጠናል» አልሁ። መኪናው ሊሞላ ገና ብዙ ሰው ይቀረው ነበር። ስኒውን ተቀብሎ እስከ ሦስተኛው የጠጣው ያ «አጎቴ አይቷል» ያለው ጓደኛዬ ነው። ምንም አልተናገረኝም፤ ክትፎውንም አልጠየቀኝም።

ለምን እምቢ እንዳልሁ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። አላምንም ነበር፤ ይሄን በእርግጠኝነት እላለሁ። እጄ ግን አልታዘዘኝም። አያቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያስገባችው ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቶ እጄ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። እዚያች ትምህርት ቤት ውስጥ ከልጅቷ ርቀው የሚቀመጡት ልጆችም እንደ እኔው ናቸው፤ ክፉ አይደሉም፣ ቤት ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ሰምተዋል።

ስለዚህ ቀጣዩ የቢግፉት ቪዲዮ ሲመጣባችሁ ሳቁ፣ ምንም አይደለም። ኮሜንት ላይ «ቡዳ» ብላችሁ ለቀልድ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ያ ቃል ቡሬ ውስጥ የማን ምሳ ላይ እንደሚያርፍ አስቡት።

እኔ የዚያ ቡና ዕዳ አለብኝ። ሄጄ ልጠጣው ብል አሁን መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። ሽማግሌው ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ልጅቷ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ደርሳ ይሆናል።