ትንንሽ አገሮች በትልልቆች መካከል፤ ከቀውቃዝ እስከ ቦሩ ሜዳ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከመግሪብ በኋላ ዜና ሲሰማ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ኢራን የሙስሊም አገር ሆና ሳለ ከአዘርባጃን ይልቅ ወደ ክርስቲያኗ አርመን ለምን ታዘነብላለች? እስራኤልስ ለአዘርባጃን መሣሪያ የምትሸጠው ምን አገናኝቷቸው ነው?» ይባላል። በዚህ የተነሳ አንዱ ሙስሊም ሌላውን ሙስሊም «ከሃዲ» እስከማለት ይደርሳል። ጉዳዩ ከሩቅ አገር ወሬነት አልፎ የዲናችን ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ነገሩን ከሥሩ እንመለከተዋለን፤ ኢንሻአላህ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቀውቃዝ ነገር

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ በምትኩ 15 አገሮች ቆሙ። ከእነዚህ ውስጥ ጆርጂያ፣ አርመንና አዘርባጃን የሚገኙት አባቶቻችን በታሪክ ኪታቦች ቀውቃዝ ሲባል በሚያውቁት ተራራማ ምድር ነው። ሦስቱም ትንንሽ ናቸው፤ ሩሲያ፣ ቱርክና ኢራን ግን በሦስት በኩል ከበዋቸዋል።

አርመንና አዘርባጃን ናጎርኖ ካራባኽ በሚባለው ቦታ ምክንያት ተዋግተው በ1994 ተኩስ አቆሙ። ቱርክ በቋንቋና በዘር ለምትቀርባት አዘርባጃን ወግና ከአርመን ጋር ያላትን ድንበር በ1993 ዘጋች። አብዛኛው የቱርክ ሕዝብ ሱኒ፣ አብዛኛው የአዘርባጃን ሕዝብ ደግሞ ሺዓ መሆኑ ከዚህ አላገዳትም። ኢራን በበኩሏ የሺዓ አገር ብትሆንም ለአርመን የንግድ በሯን ክፍት አደረገች። በራሷ ግዛት በሚሊዮን የሚቆጠሩ አዘሪዎች ስላሉ የአዘርባጃን መጠናከር ያሰጋታል። እስራኤልም ነዳጅና ለኢራን የቀረበ ወዳጅ ስለፈለገች ለአዘርባጃን መሣሪያ ሸጠች።

አርመን ደግሞ ተስፋዋን የጣለችው በሩሲያ ላይ ነበር። ሆኖም በ2020 ለ44 ቀናት በተካሄደው ጦርነት ተሸነፈች። በመስከረም 2023 አዘርባጃን ካራባኽን ሙሉ በሙሉ ስትይዝ በቦታው የነበሩት የሩሲያ ሰላም አስከባሪዎች አላስቆሟትም። ሩሲያ በዩክሬን ጦርነት ተጠምዳ ነበር። ከ100,000 በላይ አርመናውያን ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። በመጀመሪያው ጦርነት ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዘሪዎች ተፈናቅለው ነበር። በነሐሴ 2025 የሁለቱ አገሮች መሪዎች በዋሽንግተን ተገናኝተው የሰላም ስምምነቱ ረቂቅ በየተወካዮቻቸው ተፈረመበት። ልብ በሉ! ከነዚህ ሁሉ መንግሥታት ውስጥ ወዳጁን በሃይማኖት ብቻ የመረጠ አንድም የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መላክ በፊትም ሁለት የዐረብ ነገሥታት በሮምና በፋርስ መካከል ይኖሩ ነበር። ገሳኒዎች ለሮም፣ ለኽሚዎች ለፋርስ ሆነው ዐረብ ዐረብን ይወጋ ነበር። ፋርሶች ለኽሚዎችን ለረጅም ዘመን እንደ አጥር ከተጠቀሙባቸው በኋላ ንጉሣቸውን ኑዕማንን አጠፉት። ታላቁ መንግሥት ትንሹን የሚፈልገው ጥቅም እስከሰጠው ድረስ ነው።

የእኛው ወሎ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወሎን የሚመሩት ኢማሞች ቤት ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት በየልጆቻቸው ስም ሥልጣን ይሻኮቱ ነበር። በሰሜን ቴዎድሮስ፣ በደቡብ ሸዋ ነበሩ። በ1865 ምኒልክ ከመቅደላ እስር ሲያመልጡ ወርቂት ተቀብለው ወደ ሸዋ አሳለፏቸው። ልጃቸው ግን በመቅደላ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። ቴዎድሮስ ይህን ባወቁ ጊዜ ተቆጥተው ልጁን አስገደሉት። እናት ለአንዱ ኃያል የዋሉት ውለታ በሌላው ኃያል እጅ ልጃቸውን አስከፈላቸው።

በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ሁለቱም ሴቶች ወደ ጄኔራል ናፒየር ሰፈር መጥተው የቦታው ባለመብት እኔ ነኝ አሉ። ናፒየር ግን አምባውን አቃጥሎ አገሩ ገባ።

ፉክክሩ በዚያ አላበቃም። ኢማም ሙሐመድ ዓሊና የመስታወት ልጅ አባ ዋጠው አንዴ ከምኒልክ፣ ሌላ ጊዜ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር እየተጠጉ ተፎካከሩ። ሁለቱ ትልልቆች እስከተጣሉ ድረስ ለትንንሾቹ መንቀሳቀሻ ቀዳዳ ነበራቸው። በ1878 መጀመሪያ ላይ ምኒልክና ዮሐንስ በልቼ ሲታረቁ ቀዳዳው ተዘጋ። በዚያው ዓመት እዚሁ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም የወሎ መሪዎች ክርስትና ተነሱ፤ ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሙስሊሙ ሕዝብም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ቀነ ገደብ ተቆረጠለት። እንደ ሸኽ ጦልሓ ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች እምቢ ብለው ተነሱ፤ ብዙ ሰውም አለቀ፣ ተሰደደም።

ይህን የምናነሳው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ዛሬ የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በጋብቻ፣ በጉርብትናና በቅሬ የተሳሰረ ወንድማማች ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ወንድማማች ቤት ሲከፋፈልና እያንዳንዱ ወገን የውጭ ደጋፊ ሲፈልግ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ነው።

ዛሬም በአፍሪካ ቀንድ

ኢትዮጵያ በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በርን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ሶማሊያ ተቆጣች። ግብፅ በነሐሴ ወር ከሶማሊያ ጋር ወታደራዊ ስምምነት አደረገች። በታኅሣሥ ደግሞ ቱርክ ኢትዮጵያንና ሶማሊያን በአንካራ አስማማች። ይህም እንደ ቀውቃዙ የጥቅም ስሌት ነው። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «ይህ የሙስሊምና የክርስቲያን ፍልሚያ ነው» ቢለን አንቀበለው። እንዲህ ያለ ወሬ የሚያቃጥለው መንግሥታቱን ሳይሆን ጎረቤታሞቹን ነው።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

አንደኛ፣ ኪዳን የከበረ ነው። በሑደይቢያ ስምምነት በኑ ኹዛዓ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር፣ በኑ በክር ከቁረይሾች ጋር ተሰለፉ። በኑ በክር በቁረይሾች እርዳታ ኹዛዓን ሲያጠቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትንሿን ጎሣ አልተዋትም፤ ውጤቱም በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የመካ መከፈት ሆነ። ደካማ አጋርን በችግር ቀን አለመተው ከዚህ የሚገኝ ትምህርት ነው። ሙስሊም ነጋዴም፣ ጎረቤትም፣ ባለሥልጣንም ይህን ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ፍትሕ ለወዳጅም ለጠላትም ነው። ሱረቱል ማኢዳህ የሕዝቦች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ታዘናለች። የተፈናቀለ አዘሪ ያሳዝነናል፤ የተፈናቀለ አርመናዊም ሊያሳዝነን ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጅሮች ከመካ ሙሽሪኮች ግፍ ሸሽተው የተጠለሉት በክርስቲያኑ ነጃሺ ዘንድ እንደነበር አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ወሬን ማጣራት ግዴታ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣ አጣሩ ትለናለች። ደሴና ኮምቦልቻ በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ሲደርስባቸው ወሬ ብቻውን ስንቱን ቤተሰብ እንደበታተነ እናውቃለን። ልጆቻችን በስልክ የሚያዩትን ሁሉ እንዳያምኑ እናስተምር። ስለ አንድ ጦርነት ሲሰሙ «ማን ምን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?» ብለው ይጠይቁ።

ውድ አባቶችና እናቶች፣ መንግሥታት በጥቅም ይቃረባሉ፣ በጥቅም ይራራቃሉ። ሙእሚን ግን በአላህ ገመድ የተያያዘ ነው፤ ያንን ገመድ በሌሎች ጠብ ምክንያት አይበጥስም። አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ በየትም ቦታ ለተፈናቀሉት መመለሻ ይስጣቸው። አሚን። ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።