ዋጋውን የበላው ነፋስ

በቡና ለቀማ ወቅት ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ስልክ ያልያዘ እጅ ብርቅ ነው። የእሸት ቡናና የጀንፈል ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ብዙ ወጣት ነጋዴ ከመጻፍ ቮይስ መላክ ይቀለዋል፤ ያውም ከባጃጅ ላይ ሆኖ። የሚደርሰው ግን «ኪሎው… ብር ገብቷል» ነው። መሃሉን «ፍፍፍ» በልቶታል። ኢኮኖሚክስ ስማር የመረጃ ክፍተት የሚባለውን በግራፍ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ለካ እንዲህም ይመጣል።

የሚገርመው፣ ያንን «ፍፍፍ» ባጃጁ አጠገብ የቆመ ሰው አይሰማውም። የሚፈጠረው እዚያው ስልኩ ላይ ነው። ነፋስ የስልኩ ጠርዝ ጋ ሲደርስ፣ ወንዝ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚያደርገው ይሽከረከራል። እያንዳንዱ ሽክርክሪት የማይኩን ቀዳዳ ሲያልፍ ገፋ ሳብ ያደርገዋል። ማይክ የሚለካው የአየር ግፊት መለዋወጥን ነው፤ ከጉሮሮ ይምጣ ከነፋስ ግድ የለውም። ባጃጁ ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል።

እርግጥ ሽክርክሪት ሩቅ የሚሰማ እውነተኛ ድምፅም ይወልዳል። እንግሊዛዊው ጀምስ ላይትሂል እ.ኤ.አ. በ1952 ስሌቱን ሠራ፤ በ1955 ደግሞ ከርል የሚባል ሰው ጠንካራ ገጽ ሲኖር ምን እንደሚጨመር አሳየ። በባጃጅ ፍጥነት ግን ይሄኛው ኢምንት ነው።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይለያሉ? በመጠን። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የ200 ኸርዝ ሞገድ 1.7 ሜትር ይረዝማል። የስልኩን የላይና የታች ማይክ እኩል ይነካል ማለት ነው። ሽክርክሪት ግን ከነፋሱ ጋር ነው የሚሄደው፤ ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ፣ ያንኑ 200 ኸርዝ የሚያወጣው 2.5 ሳንቲ ሜትር የምታክል ናት። ላይኛው ማይክ ጋ ያለችው ታችኛው ጋ ያለችውን አታውቃትም። ሁለት ማይክ ያላቸው ስልኮች ነፋስን የሚቀንሱት በዚህ ልዩነት ነው። ጋዜጠኞች ማይክ ላይ የሚያለብሱት ስፖንጅም ተመሳሳይ ነው፦ በየቦታው ያልተስማሙት ግፊቶች እርስ በርስ ይጣፋሉ፣ ድምፁ ያልፋል።

ስፖንጅ ከሌላችሁ የነጠላ ጫፍ ይበቃል፤ ሳሳ ብሎ፣ ከቀዳዳው ትንሽ ራቅ ብሎ። ቀዳዳውን በጣት መድፈን ግን እናንተንም ይደፍናል። ጀርባን ለነፋስ መስጠትም ይረዳል። ነፋሱ ማይኩን ከአቅሙ በላይ ከገፋው ግን ቁጥሩ መጀመሪያውኑ አልተቀዳም፣ የትኛውም አፕ አያወጣውም። ስለዚህ ወሬውን በቮይስ፣ ዋጋውን በጽሑፍ።