መርማሪውንስ ማን ይመርምረው?

ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ቢሰጥና «ወባ የለብህም» ቢባል ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን የተሳሳተው መመርመሪያው ራሱ እንደ ሆነስ?

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በጉለሌ፥ ከጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ባለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት ነው። በአፍሪካ የሚሠራበት አብዛኛው ፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚፈልገው የወባውን ተሕዋስ ሳይሆን፥ ተሕዋሱ በደም ውስጥ የሚተወውን ኤችአርፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያስገኘው ጂን የጐደለው ተሕዋስ ግን ሳይታይ ያልፋል። ከኤርትራ፥ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምንዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎች በተካፈሉበት በዚህ ጥናት፥ መመርመሪያው ከመቶ የፋልሲፓረም ወባ ሕመምተኞች 9.7 ያህሉን በዚሁ ምክንያት እንደሚስት ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ከመቶ 5 ሲያልፍ መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች አሉና፥ ይኸው ችግር በእነርሱም ሙያ መኖሩን እናመልክት። ፕሮግራም ጸሐፊ ሥራው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡ አውቶማቲክ ፈተናዎች ያዘጋጃል። ፈተናዎቹ በሥርዓት መጻፋቸውን የሚቈጣጠር ሌላ ፕሮግራምም አለ፤ እርሱም ሊንተር ይባላል። ሊንተር ጽሑፉን ያነባል እንጂ ፕሮግራሙን አያስኬድም። ከደንቦቹ አንዱ «በየፈተናው ውስጥ ማረጋገጫ ይኑር» የሚል ነው። እንግዲህ የማረጋገጫውን ቃል ካገኘ ያልፋል። ማረጋገጫው ከቶ በማይደረስበት ስፍራ ቢጻፍ፥ ወይም አንዱን ቍጥር ከራሱ ጋር ቢያመዛዝን፥ ይህ ደንብ ብቻውን አያውቅም፤ ፈተናውም ምንም ሳይፈትን «አልፏል» ይላል። ፕሮግራሙ የመድኃኒት ልክ ወይም የሠራተኛ ደመወዝ የሚያሰላ ቢሆን የሚደርሰውን ጉዳት ማሰብ ነው።

መፍትሔው ደንብ መደራረብ ብቻ አይደለም። በፕሮግራሙ ውስጥ ሆን ብሎ ስሕተት አግብቶ ፈተናው ይይዘው እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ዝም ካለ ፈተና አልነበረም ማለት ነው። እነዚያ ተመራማሪዎችም ያደረጉት ይህን የሚመስል ነው፤ የፈጣኑን መመርመሪያ ውጤት በሌላ ዓይነት ምርመራ መልሰው ፈተኑት።

በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። በወረቀቱ ላይ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ብቻ አይቶ የሚያሳልፍ ሹም ሥራው መሠራቱን ገና አላየም። ስለዚህ ወጣቶቻችን «ተመርምሯል» የሚል ቃል ሲቀርብላቸው «በምን ተመረመረ?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።