«እውነተኛው ታሪክ የቱ ነው?»፦ በቪዲዮ ጨዋታዎች ዓለም የሚነሣው የቀኖና ክርክር

ቀኖና የሚለው ቃል መነሻው ግሪክኛ ሲኾን ጥንተ ትርጉሙ የመለኪያ ዘንግ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለቻቸው 81 ቅዱሳት መጻሕፍት ከሌሎች ጽሑፎች የሚለዩት በዚሁ ቃል ነው። መጽሐፈ ሄኖክ እና መጽሐፈ ኩፋሌ በርሷ ዘንድ ከ81ዱ የሚቆጠሩ ሲኾኑ፣ በአብዛኞቹ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ግን ከቀኖና ውጭ ናቸው። አንድ ጽሑፍ በቀኖና ውስጥ የሚቆጠረው ሥልጣን ያለው አካል ሲቀበለው መኾኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ቃል ከጊዜ በኋላ ወደ ልብ ወለድ ዓለምም ገብቷል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ በ1911 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሊቃውንት ቅዱሳት መጻሕፍትን በሚመረምሩበት ስልት የሼርሎክ ሆልምስን የወንጀል ምርመራ ታሪኮች በቀልድ መልክ መርምሮ ነበር። ቀልዱ ግን ውሎ አድሮ ቁም ነገር ኾነ። ዛሬ በመጻሕፍት፣ በፊልም እና በቪዲዮ ጨዋታ አፍቃሪዎች ዘንድ ቀኖና ማለት፣ የአንድ ልብ ወለድ ባለቤት «ይህ የታሪኩ አካል ነው» ብሎ የተቀበለው ክፍል ማለት ነው።

በከተሞቻችን በስፋት ከሚታወቁት የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል የእግር ኳስ ጨዋታዎች ይገኙበታል። ሌሎች ጨዋታዎች ግን እንደ ረጅም ልብ ወለድ ታሪክ ይተርካሉ፤ ተጫዋቹም በዋናው ገጸ ባሕሪ ቦታ ገብቶ ታሪኩን ወደ ፊት ያስኬዳል። አንድ ጨዋታ ሲወደድ ኩባንያው ተከታዩን ክፍል ይሠራል። ከዋናው ግንድ ጎን ለጎን ደግሞ ቅርንጫፍ ጨዋታዎች ይወጣሉ። እነዚህ የታወቁትን ገጸ ባሕርያት ይዘው በሌላ የአጨዋወት ስልት፣ አንዳንድ ጊዜም በሌላ ኩባንያ የሚሠሩ ናቸው። ክርክሩ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው፤ በቅርንጫፉ የተተረከው ነገር በግንዱ ታሪክ ላይ ይጸናል ወይስ አይጸናም?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚኾነው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1986 የጀመረው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የተሰኘው ተከታታይ ጨዋታ ነው። ሊንክ የተባለ ጀግና እና ዜልዳ የተባለች ልዕልት፣ ብዙውን ጊዜ ሃይሩል በምትባል ምናባዊ ሀገር፣ ክፉ ኀይሎችን ሲታገሉ ያሳያል። የክፍሎቹ ቅደም ተከተል አፍቃሪዎችን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በ2011 በጃፓን በታተመ መጽሐፍ ይፋ ኾነ። በመጽሐፉ መሠረት ታሪኩ እ.ኤ.አ በ1998 ከወጣው «ኦካሪና ኦፍ ታይም» በኋላ በሦስት የተለያዩ መንገዶች ይከፈላል። ይህም ቢኾን የመጨረሻ ቃል አልነበረም፤ ከዓመታት በኋላ የአንዳንድ ክፍሎች ቦታ ተሸጋሽጓል።

እ.ኤ.አ በ2014 ኮኢ ቴክሞ የተባለው ኩባንያ ከኒንቴንዶ ጋር ኾኖ «ሃይሩል ዋሪየርስ» የተሰኘ ቅርንጫፍ ጨዋታ አወጣ። በተለያየ ዘመን የኖሩ ገጸ ባሕርያት በአንድ የጦር ሜዳ ይገናኙበታል። ጨዋታው ከዋናው የዘመን ቅደም ተከተል ውጭ መኾኑ አስቀድሞ ስለተነገረ፣ ገዢው የሚጠብቀውን ዐውቆ ገዛው።

እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የተሰኘው የዋናው ተከታታይ ክፍል ወጣ። በዚህ ታሪክ ከ100 ዓመት በፊት ሃይሩል በታላቅ መዓት ጠፍታለች፤ አራት ዝነኛ ተዋጊዎች ወድቀዋል። ክፉኛ የቆሰለው ሊንክ ከ100 ዓመት እንቅልፍ ሲነቃ ማንነቱን እንኳ አያስታውስም። ተጫዋቹ በፍርስራሽ መካከል እየተጓዘ የጠፋውን ትዝታ ይለቅማል። የታሪኩ ክብደት ያረፈው ሊመለስ በማይችለው በዚያ ኪሳራ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ በመስከረም 2020 «ኤጅ ኦፍ ካላሚቲ» የተሰኘ ቅርንጫፍ ጨዋታ ሲተዋወቅ፣ ከ100 ዓመት በፊት የኾነውን ያንኑ መዓት የሚያሳይ መኾኑ ተነገረ። ብዙዎችም የጀግኖቹን ፍጻሜ በዐይናቸው ሊያዩ ጠበቁ። በኅዳር ወር ለገበያ የቀረበው ጨዋታ ግን ሲጀምር አንዲት ትንሽ ማሽን ጊዜን ወደ ኋላ ተሻግራ ትመጣለች፤ በዚህም ታሪኩ ሌላ መንገድ ይይዛል። ይሞታሉ የተባሉት ተዋጊዎች ይድናሉ፤ ሀገሪቱም ከጥፋት ትተርፋለች።

ጨዋታው በቀናት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ቅጂዎች በላይ ለገበያ ቢሠራጭም አፍቃሪዎቹ ግን ለሁለት ተከፈሉ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እንዲሉ፣ ቅር የተሰኙት ወገኖች የተባለው ታሪክ አልቀረበልንም አሉ፤ ሙታን የሚመለሱ ከኾነ የመጀመሪያው ሐዘን ምን ዋጋ አለው ሲሉም ጠየቁ። ሌሎች ደግሞ አዲሱ ታሪክ በራሱ መንገድ የሚሄድ ስለኾነ የቀድሞውን አይነካውም፤ የወደዷቸውን ገጸ ባሕርያት በሕይወት ማየትም ደስታ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

ባለቤቱ በቀኖና ላይ ያለው ሥልጣን ምን ያህል እንደኾነ የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ «ስታር ዋርስ» ነው። ሉካስፊልም የተባለው ኩባንያ በዲዝኒ ከተገዛ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2014 ለበርካታ ዓመታት ሲጻፉ የነበሩ ልብ ወለዶችንና የጨዋታ ታሪኮችን «አፈ ታሪክ» በሚል መደብ ከቀኖና አወጣቸው። መጻሕፍቱ አልተቃጠሉም፤ ጨዋታዎቹም አልተሰበሰቡም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚሠሩ ፊልሞች በእነርሱ የመገዛት ግዴታ የለባቸውም። ውሳኔው ለኩባንያው አዲስ ታሪክ የመፍጠር ነጻነት ሲሰጠው፣ ለዓመታት ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ላፈሰሱ አንባቢዎች ግን ቅሬታ ኾኖባቸዋል።

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ በ2025 ሦስተኛውን ቅርንጫፍ «ኤጅ ኦፍ ኢምፕሪዝንመንት»ን ሲያቀርብ፣ በጥንታዊው ዘመን የተካሄደውን ጦርነት የሚተርከው ይህ ጨዋታ የዋናው ታሪክ አካል መኾኑን አስቀድሞ ተናግሯል።

ሦስቱ ቅርንጫፎች ጎን ለጎን ሲታዩ የክርክሩ ሥር ይገለጣል። የመጀመሪያው ከዋናው ታሪክ ቢርቅም መራቁ ስለተነገረ ያን ያህል አላጣላም፤ ብዙ ያጨቃጨቀው በተነገረውና በቀረበው መካከል ክፍተት የታየበት ሁለተኛው ነው። ልብ ወለድ ልብ ወለድ ነውና በውስጡ የኾነው ሁሉ በምናብ የኾነ ነው። የገዢው ገንዘብ፣ ጊዜ እና ተስፋ ግን ምናብ አይደሉም። ስለዚህ ሰዎች «የትኛው ነው እውነተኛው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጥያቄያቸው ታሪኩን የሚያወራው አካል በቃሉ መታመኑን የሚመለከት ነው።