ቀጥ ያለው መስመር ተጣሞ ሲታያችሁ፦ ዓይን ተታሎ ነው ወይስ ታሞ?



እስቲ አንድ ግድግዳ በሐሳባችሁ ሳሉ። ጥቁርና ነጭ ሴራሚክ እየተፈራረቀ ተደርድሯል። አንዱ ረድፍ ከሌላው ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሏል፤ በመሃላቸው ስስ ግራጫ መስመር አለ። ስታዩት ረድፎቹ በአንድ ጫፍ ሰፍተው በሌላው የጠበቡ ይመስላሉ። ማስመሪያ ስታስቀምጡበት ግን ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው!

ግድግዳው እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ የሚገኝ የአንድ ካፌ ነው። ሪቻርድ ግሪጎሪና ፕሪሲላ ሄርድ እ.ኤ.አ. በ1979 ጥናት አሳትመውበታል።

ለምን እንዲህ ይታየናል? አእምሯችን አንድን መስመር ለብቻው አይለካም። ቅርጹን የሚወስነው በዙሪያው ካለው ብርሃንና ጨለማ ጋር እያነጻጸረ ነው። ስለዚህ ዙሪያው ሲቀየር መስመሩም የተቀየረ ይመስለናል። ይሄ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ዓይንም ይታለላል።

ታዲያ መቼ ነው የሚያሰጋው?

ዙሪያው ላይ ምንም የሚያታልል ነገር ሳይኖር የበር መቃን፣ የመብራት ምሰሶ ወይም የመጽሐፍ መስመር ተጣሞ ከታያችሁ ነው። በተለይ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ማኩላ ላይ ሊሆን ይችላል። ማኩላ የሬቲና መሃለኛ ክፍል ነው፤ የምናነበውና ፊት የምንለየው በእሱ ነው። ሲያብጥ ወይም ከሥሩ ፈሳሽ ሲጠራቀም ብርሃን ተቀባይ ሴሎቹ ከቦታቸው ይዛነፋሉ፤ ምስሉም አብሮ ይጣመማል። ከመንስኤዎቹ መካከል የስኳር በሽታና ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ ሕመም ይገኛሉ።

ቤት ውስጥ እንዴት እንፈትሽ?

1. ትናንሽ ካሬ ያለው ወረቀት መሃል ላይ ነጥብ አድርጉ።
2. የንባብ መነጽር ካላችሁ አድርጉና ወረቀቱን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙ።
3. አንድ ዓይን በመዳፍ ሸፍናችሁ ነጥቡን ብቻ ተመልከቱ። ከዚያ ሌላውን ዓይን።

አንድ በአንድ መሆኑን አትርሱ! ሁለቱም ሲከፈቱ ጤነኛው የታመመውን ይሸፍንለታል።

መስመሮቹ ከተጣመሙ፣ ከደበዘዙ ወይም መሃሉ ላይ ጥቁር ነገር ካለ ቶሎ የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። መነጽር በመቀየር ጊዜ አታባክኑ። አንዳንዱ ሕመም ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይታከማል፤ ከዘገየ ግን የጠፋው እይታ ላይመለስ ይችላል።

ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ምንም ባታዩም በየዓመቱ ሬቲናችሁን ተመርመሩ።

ዛሬ ማታ ለእናት ለአባታችሁ ሞክሩላቸው፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።