ክኒኑን በጠበል

ዊንጌት አካባቢ በነርስነት ስሠራ፣ ሕመም የጸናበት ሰው ሌሊት ላይ አስጠርቶ የሚጠይቀኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። «ሲስተር፣ ምን በድዬ ነው?» ይለኛል። የተማረውም ያልተማረውም ይህንኑ ነው የሚለው። ዘምዘሙን ራስጌው አስቀምጦ የሚተኛው ሙስሊምም እንደዚያው።

ጥያቄውን ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ አልስማማም። ሰው ሲታመም ሕይወቱን መመርመሩ ደግ ነው። ክፉው ነገር በሽታውን እንደ ቅጣት ቆጥሮ ከሕክምና መሸሹ ነው፤ ይህም በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ሰው ጎድቶብናል። መድኃኒቱ ለድሀ የማይቀመስ በነበረበት ጊዜ እንጦጦ ጠበል ማንንም አይመልስም ነበር። ስንቱ እዚያው ጎጆ ተከራይቶ፣ ማልዶ እህል ሳይቀምስ ይጠመቅ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር፣ ክኒን መዋጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር የመሰላቸው ነበሩ። ጀምረው የተዉም አሉ። ይህ መድኃኒት ደግሞ ከተቆራረጠ ቫይረሱ ይለምደዋል።

የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በአደባባይ ተናገሩ። ነገሩ እንግዳ ትምህርት አልነበረም፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 በሽተኛው እንዲጸልይም ለባለመድኃኒት ስፍራ እንዲሰጥም ያዝዛል። ሕዝቡ ግን ከሐኪም ሳይሆን ከአባት አፍ መስማት ነበረበት። ክኒናቸውን በጠበል የሚውጡ ሰዎች ሳይ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

«ምን በድዬ ነው?» ለሚለው መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በሽታው ቅጣት አይደለም። ግን እዚያ ላይ አላቆምም፤ «የተጣሉት ሰው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ አለ።

ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ የሆነ አንድ አባት ነበሩ፤ በርስት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ተካሰው ዓመታት ተኳርፈዋል። እዚሁ ሰፈራችን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል። ኩላሊት ግን አይገዛም፤ ዘመድ ወዶ የሚሰጠው ነበር። «ልጄ፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉኝ። ልጆቻቸው ተመርምረው አልሆነም ነበርና የቀራቸው ወንድማቸው ብቻ ነበር። የንስሐ አባታቸውን አስጠራን። ቄሱ ስለ ኩላሊት አንድም ቃል ሳያነሡ አስቀድመው እርቁን እንዲፈጽሙ አዘዟቸው፤ ለጥቅም ሲባል የሚደረግ እርቅ እርቅ አይደለም አሏቸው። ትክክል ነበሩ። ሽማግሌ ተላከ፣ ወንድም መጣ፣ ይቅር ተባባሉ። ስለ ኩላሊቱ መጀመሪያ ያነሣው እሱ ራሱ ነው።

ተመረመረ፤ ኩላሊቱ ግን አልተስማማም። አባት አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ናቸው፤ ከወጪው ግማሹን ወንድማቸው ይችላል።